5 ቮልት እና 220 ቮልት፦ ትንሿን ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በደህና መዘርጋት

ትምህርት ቤታችሁ ራስቤሪ ፓይ የሚባሉ አሥር ባለ አንድ ቦርድ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በካርቶን አገኘ እንበል። ውጭ አገር ያለ የድሮ ተማሪ ልኮት ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲ በውሰት መጥቶም ይሆናል። ካርቶኑ ሲከፈት ከወላጅም ከርእሰ መምህርም የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ልጆቹን ኮረንቲ አይዛቸውም ወይ?»

ቦርዱ አይዛቸውም፣ አብሽሩ። የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። በደረቅ እጅ ቢነካ የሚሰማ ነገር የለም። የሚይዘው ከቦርዱ ሁለት ሜትር ወዲያ፣ ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት ነው። ልጆቹ ግን ቦርዱን በአንዲት ሽቦ ሊገድሉት ይችላሉ። ስለዚህ ደህንነት ስንል ሁለት ለየቅል የሆኑ ሥራዎች አሉ፦ ልጁን ከግድግዳው መጠበቅና ቦርዱን ከልጁ መጠበቅ። ሁለቱን ያደባለቀ መምህር ወይ ልጆቹን አስፈራርቶ ቦርዱን በሩቁ ያሳያቸዋል፣ ወይ ሁሉን ለቅቆ ዲቫይደሩንም ጭምር ያስነካቸዋል። ሁለቱንም ዓይነት ክፍል አይቻለሁ። የመጀመሪያው አሰልቺ ነው፣ ሁለተኛው ያስፈራል።

ዕቃውን ለማያውቅ በአጭሩ። ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ማለት ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ የስክሪንና የኪቦርድ መሰኪያው በሙሉ የባንክ ካርድ በምታክል አንዲት ሰሌዳ ላይ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። በጣም የታወቀው ራስቤሪ ፓይ ነው። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ተወልዶ የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. ለገበያ ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። ኢበን አፕተንና ጓደኞቹ የሠሩት ልጆች እየነካኩ ፕሮግራሚንግ እንዲማሩበት ብለው ነው። ሃርድ ዲስክ የለውም። ሁሉ ነገር የሚቀመጠው ጥፍር በምታህል ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍም የላቸውም፣ ገመዱ ሲሰካ ይነሳሉ። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

በአንድ ጎኑ 40 የብረት እሾሆች ተሰልፈዋል። ፒን ይባላሉ። አምፖል፣ ደወል፣ የሙቀት መለኪያ የሚያያዘው በእነሱ በኩል ነው። ተማሪን የሚማርከውም እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የጻፈው ፕሮግራም ከስክሪን ወጥቶ አንድ ነገር ያበራል።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ተቋማት ንብረታቸውን አጥተዋል። የኮምፒውተር ክፍልን ከባዶ ለሚጀምር ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ርካሽ ዕቃ ጥሩ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሥራው ከኪቱ፣ ማለትም ከቦርዱና አብረውት ከሚመጡት ዕቃዎች ሳይሆን ከክፍሉ መጀመር አለበት።

ከሶኬቱ እንጀምር

ሶኬቱ ይነቃነቃል? ስፒና ሲገባበት ይላላል? ጠቆር ያለ ወይም የቀለጠ ምልክት አለበት? ከእነዚህ አንዱ ካለ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አንድም ነገር አይሰካበት።

ብዙ ሰው የሚፈራው ጭነቱን ነው። «አሥር ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር? ይነዳል!» ይባላል። እስቲ እንደምረው። ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ሞዴል ቻርጀር 5 ቮልት 3 አምፔር ነው፣ ማለትም 15 ዋት። አሥሩ 150 ዋት። ለእያንዳንዱ 30 ዋት የሚወስድ ስክሪን ብንጨምር 300 ዋት። ድምሩ 450 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 2 አምፔር ገደማ። ደህና ዲቫይደር 10 አምፔር ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን ይህን ሁሉ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ታዲያ እሳቱ ከየት ይመጣል? ከላላ ግንኙነት። ስፒናው ሶኬቱን ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ ኮረንቲው በጠባብ ቦታ ለማለፍ ይታገላል፣ ቦታው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ «በኮንታክት የተነሳ እሳት» ተብሎ ይወራል። ርካሽ ዲቫይደር ውስጥ ያለው የብረት መያዣ ስስ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰክቶ ሲነቀል ይለጠጣል። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ ሲቀጠል ደግሞ የሚላላው ቦታ ብዛቱ ይጨምራል። በዚያው መስመር የመምህራን ሻይ ማፍያ ከተሰካ ጉዱ ያኔ ነው።

ስለዚህ የራሱ ማጥፊያ ያለው አንድ ጥሩ ዲቫይደር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። ወለል ላይ አይቀመጥ። ደሴ ክረምት ላይ ተማሪ ጭቃና ውሃ በጫማው ይዞ ነው የሚገባው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እሰሩት፣ ገመዱን በግድግዳ በኩል አሳልፉት። ማጥፊያውን የሚነካው መምህሩ ብቻ ይሁን። ይህ ሕግ ለድርድር አይቀርብም። ተማሪ ከ5 ቮልቱ ወዲህ ያለውን ሁሉ ይንካ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የመምህሩ ነው።

ኪቱ ከእንግሊዝ ከመጣ ቻርጀሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ይኖረዋል። ለእኛ ሶኬት አይሆንም። የሚላላ ማስማሚያ ከምትፈልጉ ላኪውን ባለ ሁለት ክብ እግር የአውሮፓውን ዓይነት ጠይቁት።

ከሐረጎ በላይ እና በታች

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ የቻይና ቻርጀር ጀርባ ላይ ተራራ የተሳለባት ሦስት ማዕዘን ምልክትና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ዕቃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ለማይበልጥ ቦታ ነው የተሠራው ማለት ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ያ ምልክት ያለበት ቻርጀር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ከተሠራለት ወሰን ወጥቷል።

ከፍታ ኤሌክትሪክን ምን ያገባዋል? ቻርጀር ውስጥ የ220ው ወገንና የ5ቱ ወገን ተራርቀው ነው የተቀመጡት። በመካከላቸው ያለው አየር ነው የሚከላከለው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ ደረጃ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ14 በመቶ ገደማ እንዲሰፋ የሚጠይቀው። በደንብ የተሠራ ቻርጀር ከሚያስፈልገው በላይ ክፍተት ስላለው ደሴ ላይ ችግር የለውም። የሚያሳስበኝ ከገበያ በርካሽ የሚገዛው፣ ስም የለሽ፣ ስታነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀለው ነው። እሱ ቀድሞውንም በኮምቦልቻም ክፍተት የለውም። ሁለቱ ወገኖች ከተገናኙ ደግሞ 220 ቮልት በቀጥታ ልጁ የያዘው ቦርድ ላይ ይመጣል። «ቦርዱ አይዝም» ያልኩት ቃል የሚሠራው ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ብቻ ነው። ከኪቱ ሁሉ ገንዘብ የማይቆጠብበት ዕቃ ቢኖር ቻርጀሩ ነው።

የስልክ ቻርጀር ይሆናል ወይ የሚልም አይጠፋም። የድሮ ባለ 1 አምፔር ቻርጀር ፓይን አያጠግብም። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ብቅ ይላል። ልጆቹ «ቲቸር፣ መብረቅ መጣ!» ይሏችኋል። መልእክቱ ኃይል አነሰኝ ነው። ቻርጀሩን ወይም ቀጭኑን ረጅም ገመድ ቀይሩ።

ስክሪኑ ሲነዝር

ሌላው የተለመደ ስሞታ «ስክሪኑን ስነካው ነዘረኝ» ነው። መምህሩም ቦርዱን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቦርዱ አይደለም። ስክሪንና የድሮ ዴስክቶፕ ውስጥ የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፣ ትንሽ ኮረንቲ ወደ ብረት ገላው ያሾልካሉ። ያ ኮረንቲ በኤርዝ ሽቦ በኩል ወደ መሬት መሄድ ነበረበት። ክፍሉ ኤርዝ ከሌለው መሄጃ ስለሚያጣ ገላው ላይ 110 ቮልት አካባቢ ይንሳፈፋል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። ቢሆንም ክፍሉ ኤርዝ እንደሌለው የሚናገር ምልክት ነው፣ ዕቃው አንድ ቀን የምር ቢበላሽ የሚያድን ነገር የለም ማለት ነው። ቦርዱንም ይጎዳል። ያ ተንሳፋፊ ቮልቴጅ በስክሪኑ ገመድ በኩል ሲገባ መሰኪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ኤሌክትሪሺያን ስትጠሩ ሁለት ነገር ጠይቁት። ኤርዙ በትክክል መኖሩን ይለካ። ከተቻለ ደግሞ ለዚያ ክፍል ብቻ 30 ሚሊአምፔር ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር ይግጠም። ይኼኛው ብሬከር ሰው ሲያዝ ያውቃል። ተራው ብሬከር ግን የሚቆርጠው ሽቦው ሲጋል ነው፣ ሰውየው እስከዚያ አይቆይለትም።

ልጅ ቢያዝስ? መጀመሪያ የሚደረገው ማጥፋት ነው፣ ልጁን መያዝ አይደለም። ብሬከሩ የት እንዳለ ሁሉም ተማሪ ይወቅ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ለዚህ ይሁን። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከልጁ ማራቅ። ራሱን ከሳተ፣ ከተቃጠለ ወይም ደረቴን ካለ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። «አሁን ደህና ነኝ» ቢልም።

ኃይል መጨረሻ

አሁን ወደ ቦርዱ። የመገጣጠም ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፣ ግን ካልተለማመዱት ይረሳል። መጀመሪያ ካርዱ ይገባል። ቀጥሎ የስክሪኑ ገመድ። ፓይ 4 እና 5 ላይ ይህች ቀዳዳ ትንሽና ደካማ ናት፣ በጎን ከተገፋች ከሰሌዳው ትላቀቃለች። ቦርዱን በጠርዙ ይዞ ገመዱን ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው። ሁለት ቀዳዳ ታገኛላችሁ፣ ፓይ 4 ላይ ለኃይል መሰኪያው የምትቀርበው ዋናዋ ናት። ከዚያ ኪቦርድና ማውስ። ፒኖቹ ላይ የሚያያዝ ካለ እሱ። ኃይል መጨረሻ ይሰካል። ሲፈታ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከሜኑው ይዘጋል፣ አረንጓዴዋ መብራት መብለጭለጯን ታቆማለች፣ ኃይል ቀድሞ ይነቀላል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።

ቦርዱ የት ላይ ይቀመጣል የሚለው ቀላል ይመስላል። ከሥሩ ብዙ የተበየዱ ጫፎች ስላሉት ብረት ጠረጴዛ ላይ ካረፈ ሾርት ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቦርዱ የመጣበት ብርማ ላስቲክ ላይ ነው። «መከላከያ ነው» ተብሎ ቦርዱን እላዩ ላይ አስቀምጦ ማብራት የተለመደ ነው። ያ ላስቲክ የተሠራው ስታቲክ፣ ማለትም ገላና ልብስ ላይ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ፣ እንዲያሳልፍ ስለሆነ ውጩ ኮረንቲ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለማስቀመጫ ይሁን፣ ለመሥሪያ ደረቅ ካርቶን ይበልጣል።

3.3 የሚለውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፉት

ቦርድ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ፓይ በ5 ቮልት ቢመገብም ፒኖቹ የሚናገሩት በ3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት ወደ አንዱ መግቢያ ፒን ከገባ ፒኑ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ጭስ ላይኖር ይችላል። ዝም ብሎ አይነሳም።

ችግሩ ደግሞ ጎረቤትነቱ ነው። ፒን 1 የ3.3 ቮልት መውጫ ነው። ፒን 2 እና 4 የ5 ቮልት ናቸው። በመካከላቸው 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ያለው። የልጅ ጣት ስትንቀጠቀጥ አንዱን ፈልጋ ሌላው ላይ ታርፋለች። የማደርገው ይህን ነው፦ ፒን ላይ ከሚሰካው ቀጭን ሽቦ፣ ከተበላሸ የጃምፐር ገመድ፣ ጫፉን ቆርጬ፣ የተቆረጠውን በቴፕ አሽጌ፣ ፒን 2 እና 4 ላይ እንደ ቆብ አጠልቃለሁ። ለጀማሪ 5 ቮልት የሚያስፈልገው ትምህርት የለም። የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ መምህሩ ቆቡን ያነሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥሩ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «17» ብላችሁ የምትጽፉት ፒን ሰሌዳው ላይ 17ኛ አይደለም፣ 11ኛ ነው። አንደኛው ቁጥር የፕሮሰሰሩ መጠሪያ፣ ሌላኛው የቦታ ቆጠራ ነው። የሁለቱን ማመሳከሪያ ሥዕል በትልቁ አትማችሁ በየጠረጴዛው ለጥፉ። በስልክ ከፍቶ ማየት አይሆንም፣ ልጁ ስልኩን ሲያይ እጁ ይስታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ሁሌም አንዲት ኤልኢዲ (ትንሽ አምፖል) ማብራት ነው። ከፒን 11 ተነስቶ ኮረንቲውን በሚገድብ ባለ 330 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ኤልኢዲዋ ረጅም እግር፣ ከአጭር እግሯ ወደ ፒን 9፣ እሱም ግራውንድ፣ የኮረንቲው መመለሻ ነው። ሬዚስተሩ ለምን? ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ትወስዳለች። የቀረው 1.3 ቮልት ለ330 ሲካፈል 4 ሚሊአምፔር ይሆናል። አንድ ፒን ከ16 ሚሊአምፔር በላይ መጠየቅ የለበትም፣ ስለዚህ ሰፊ ትርፍ አለን። ሬዚስተሩ ከሌለ ኤልኢዲዋ የምትስበው የሚያቆመው የለም። ይህን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። የፊዚክስ ደብተር ላይ የቀረው የኦም ሕግ እዚህ ላይ ነው ሥራ የሚይዘው።

አርዱዊኖ ከሚባለው ሌላ የመማሪያ ቦርድ ኪት የተረፈ ሴንሰር (መለኪያ) ስትቀላቅሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። አርዱዊኖ ኡኖ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ለእሱ የተሸጡ ብዙ ሴንሰሮች መልስ የሚሰጡት በ5 ቮልት ነው። በድምፅ ርቀት የሚለካው ባለ ሁለት ዓይን ሴንሰር ዋናው ገዳይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ መልስ በሚመጣበት ሽቦ ላይ 1,000 እና 2,000 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ወደ ግራውንድ አያይዞ ከመካከላቸው መውሰድ። 5ቱ ወደ 3.3 ይወርዳል። ግን ለሁለተኛ ወሰነ ትምህርት አቆዩት።

በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ይቀበላል። «መብራት» ብሎ ሰይሞ 17ን መስጠት ይቻላል። ስክራች የሚባለው የልጆች ፕሮግራሚንግ መማሪያም አማርኛ ቋንቋ አለው። ለታናናሾቹ ተማሪዎች ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንግሊዝኛ የፈራ ልጅ ሽቦ ሲሰካ ሁለት ነገር ነው የሚፈራው።

ብየዳ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚግል ጫፍ፣ ጭስ፣ ብዙ ጊዜም እርሳስ ያለበት ቆርቆሮ ነው። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል አይሞከርም። ፒናቸው ተበይዶ የሚመጣ ቦርድ ምረጡ። የሬዚስተር እግር ሲቆረጥ ግን ዓይን ተጠንቀቁ። የተቆረጠችው ቁራጭ ሽቦ በፒንሳው ተገፍታ ትወረወራለች፣ ጫፏን በጣት ይዞ መቁረጥ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁልፍ የለሽነቱ እዚህ ይመጣል። ፓይ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ቢጠፋ የካርዱ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። በሚቀጥለው ቀን አይነሳም። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት ከተማ ይህ የወር ሳይሆን የሳምንት ሥራ ይሆንባችኋል።

ሦስት ነገር ይረዳል። አንድ ዋና ካርድ በጥንቃቄ አዘጋጁ፣ ኮፒውን ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ፣ የተበላሸውን በግማሽ ሰዓት መልሳችሁ ትጽፉታላችሁ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ይበልጥ ጥሩ ነው፦ የራስቤሪ ፓይ ሲስተም ካርዱን እንዳይጻፍበት የሚቆልፍ ኦቨርሌይ የሚባል አማራጭ አለው። ተማሪው የቀየረው ሁሉ ሜሞሪ ላይ ብቻ ይቆይና ሲጠፋ ይረሳል። መብራት ቢሄድም ካርዱ ንጹሕ ነው። ሥራቸውን ግን ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ አለባቸው፣ አለዚያ ልቅሶ ነው። ሦስተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን አጥፉት። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል፣ አሥሩም ቻርጀር አብሮ እንዲቀበለው አታድርጉ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ። ነጎድጓድ ሲጀምርም እንዲሁ፣ ግን ያኔ ስፒናውን ከግድግዳ መንቀል ነው።

ካርድ ስትገዙ ደግሞ ተጠራጠሩ። 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ ካርድ ሞልቷል። ሙሉውን ሞልታችሁ መልሳችሁ ስታነቡ ነው የሚታወቀው።

ፓወር ባንክ እንደ ማዳኛ የሚጠቀም ብዙ ነው። ይሠራል፣ ግን ብዙዎቹ መብራት ሲሄድ ከመሞላት ወደ መስጠት ሲዞሩ ለቅጽበት ይቆርጣሉ፣ ፓይ በዚያች ቅጽበት ይወድቃል። ከመጀመሪያው በፓወር ባንክ ብቻ መሥራት ይሻላል። ያበጠ፣ የወደቀ፣ የሚግል ፓወር ባንክ ክፍል ውስጥ አይግባ። ሽፋን የሌላቸው ከላፕቶፕ ባትሪ የተፈቱ ሲሊንደሮችን ልጅ እጅ ላይ ማየት አልፈልግም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ባትሪ ግን ትንሿ ናት። ፓይ ያለ ኢንተርኔት ሰዓቱን ስለማያውቅ ኪት ውስጥ የሰዓት ሞጁል ይኖራል፣ በውስጡ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ። የኪቱ ሪሞት ውስጥም አለች። ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ኪት ወደ ቤት ይዞ የሚሄድ ተማሪ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አለው። ባትሪዋን አውጥታችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ልጅ ዋጠ ከተባለ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ወዲያው ሆስፒታል።

ሹራብና ጉም

ስታቲክ የሚባለው ነገር ደረቅ አየር ይወዳል። በበጋ ደረቅ ጠዋት ሹራብ የለበሰ ልጅ ጃኬቱን ሲያወልቅ የምትሰሙት ጠጠጠ የሚል ድምፅ እሱ ነው። ልጁን አይጎዳም፣ ቺፑን ሊጎዳ ይችላል። የእጅ ማሰሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሹራቡን ከመሥሪያው ጠረጴዛ ርቆ ያውልቅ፣ የመስኮቱን ብረት ይንካ፣ ቦርዱን በጠርዙ ይያዝ።

ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ስታቲክ የለም፣ እርጥበት ግን አለ። በተለይ ኪቱን ደሴ አሳድራችሁ በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ከወሰዳችሁት ቀዝቃዛው ቦርድ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። እንደደረሳችሁ ካርቶኑን አትክፈቱ። ተዘግቶ የክፍሉን ሙቀት ይልመድ፣ ከዚያ ይሰካ።

ሦስት ልጅ፣ አንድ ቦርድ

ሃምሳ ተማሪና አሥር ቦርድ ካለ አምስት አምስት ለማድረግ ታስባላችሁ። እኔ ሠላሳውን ሦስት ሦስት አድርጌ ሌላውን ወረቀት ላይ ሥራ እሰጥና አቀያይራለሁ። አንዱ ሰካኪ፣ አንዷ አንባቢ፣ ሌላው ፈታሽ። ሰካኪ ሽቦውን ይነካል። አንባቢ ሥዕሉን እያየች ድምፅ አውጥታ ትናገራለች፦ «ፒን 11፣ ታች ተራ፣ ከግራ ስድስተኛው።» ፈታሽ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። ፈታሹ «ልክ ነው» ሳይል ኃይል አይሰካም። ሦስቱም በየ15 ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ በመምህሩ ድምፅ። ካልተቀያየሩ ወንዶቹ ሰካኪ፣ ሴቶቹ ጸሐፊ ሆነው ዓመቱ ያልቃል። ይህን በየትምህርት ቤቱ የሚያይ ያያል።

ስለ መለያ ስም ባጭሩ። የድሮው ሲስተም ለሁሉም አንድ ዓይነት የታወቀ ስምና ፓስወርድ ነበረው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ያ ቀርቶ መጀመሪያ ሲነሳ የራሳችሁን ትሰጣላችሁ። በካርዱ ላይ የልጅ ስም አትጻፉ፣ «ጠረጴዛ 4» ይበቃል። ካሜራ ካለ የክፍለ ጊዜው ርእስ ካልሆነ ከቦርዱ ይነቀል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ካርዶቹን አውጥታችሁ ለየብቻ ቁጥር ስጧቸው። ቦርዶቹን በብርማ ላስቲካቸው፣ ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ አስቀምጡ። ፓወር ባንኩን ግማሽ ሙሉ አድርጋችሁ ለብቻው። ሳጥኑ ከወለሉ ከፍ ይበል፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ጥግም ይራቅ።